የሚጥሚጣ አመል ከየት መጣ?

ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ ገና አልከረረችም። ልጄ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታደርጋለች። የግራውን በቀኝ እግሯ። ላስተካክልላት እጄን ስዘረጋ በክርኗ ትገፋኛለች። «በቻዬ!» ትላለች። ብቻዬን ማለቷ ነው። ማሰሪያው እምቢ ይላታል። ትጎትታለች፣ ታቃስታለች፣ ጫማውን ትሰድበዋለች። ምን እንደምትለው አይገባኝም፤ ስድብ መሆኑ ግን ከፊቷ ያስታውቃል። ሰባት ደቂቃ ከፈጀች በኋላ ሁለቱንም አዟዙራ አድርጋ እየተንጎማለለች ወደ ግቢ ትወጣለች። እኔ ሥራ ረፍዶብኛል።

ሁለት ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። ስሟን አልነግራችሁም። ሰፈሩ «ሚጥሚጣ» ነው የሚላት። መጀመሪያ ሚጣ ነበረች፤ የቀረው ጠባይዋን ሲያዩ የተጨመረ ነው።

ጥያቄው የባለቤቴ ነው። አንድ ማታ፣ ልጅቷ ከስንት ትግል በኋላ እንቅልፍ ጣላት። ባለቤቴ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «አቦ፣ ይቺ ልጅ ግን ወደ ማን ነው የወጣችው?» አለችኝ። ወደ እሷ እንዳትባል፣ የባለቤቴ እናት «የኔ ልጅ እኮ ከአስቀመጥኳት ቦታ አትነሳም ነበር» ይላሉ። እኔ ደግሞ ረጋ ያልኩ ሰው ነኝ። ማንንም ጠይቁ።

ኮሌጅ እያለሁ ሳይኮሎጂ ተምሬያለሁ። ያኔ ልጅ ስላልነበረኝ ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር። ከዚያች ማታ ወዲህ ነገሩን እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርኩ። የገባኝን ላካፍላችሁ። የሁለት ዓመት ልጅ ላይ አይተን «ባህሪዋ ነው» የምንለው ነገር ከሦስት ቦታ የተዋጣ ነው። ይዛው የተወለደችው አለ። ዕድሜዋ ያመጣው፣ ሲያልፍ የሚያልፍ አለ። እኛ ቤት ስላደገች ብቻ ጎልቶ የሚታይም አለ። ሦስቱ ተቀላቅለው ነው የሚመጡት። እኛም ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልለን «እልኸኛ» ብለን ስም እናወጣለን።

ይዛው የመጣችው

አማርኛ ለዚህኛው ቃል አላጣም። አመል እንላለን። «አመል ያወጣል ከመሃል» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። አመል ከስብዕና ይቀድማል። ስብዕና ውስጥ ልማድ አለ፣ ያየነው ያሳለፍነው አለ፣ የምናምንበት አለ። ይሄ ሁሉ ለመጠራቀም ዓመታት ይፈልጋል። አመል ግን ሕፃኑ ገና አንገቱን ሳያጸና ይታያል። አንዱ ሲርበው ያጉረመርማል፤ ሌላው ሲርበው ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

ይሄን በጥናት ለማሳየት ከቀደሙት መሃል አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ አሉ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች። በዘመናቸው ልጅ ካስቸገረ ጣት የሚቀሰረው እናትየው ላይ ነበር። እነሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1956 ኒው ዮርክ ውስጥ ጥናት ጀመሩ። 133 ልጆችን ከጨቅላነታቸው እስከ ጉልምስናቸው ተከታተሉ። ያገኙት ነገር ማንኛዋም የስድስት ልጆች እናት በነጻ የምትነግራችሁ ነው። ልጆች ሲወለዱ ጀምሮ ይለያያሉ።

ልዩነቱን የለኩት በዘጠኝ ነገር ነው። እኔ ዘጠኙንም በሚጥሚጣ ላይ ሞከርኳቸው። ምን ያህል ትንቀሳቀሳለች? ይሄን መልሱን ታውቁታላችሁ። እንቅልፏና ረሃቧ ሰዓት ይጠብቃል? በፍጹም። አዲስ ነገር ስታይ ትጠጋለች ወይስ ትሸሻለች? ትጠጋለች፤ ውሻም ቢሆን፣ የፈላ ጀበናም ቢሆን። ነገር ሲለዋወጥባት ቶሎ ትለምዳለች? ቦታ ሲሆን አዎ፣ ሥርዓት ሲሆን አይ። ደስታዋንም ንዴቷንም የምትገልጸው በምን ያህል ድምፅ ነው? ማዶ ያለው ጋራዥ ይሰማል። ብዙውን ጊዜ ደስተኛ ናት ወይስ ነጭናጫ? ደስተኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐሳቧ በቀላሉ ይሰረቃል? በፊት ይሰረቅ ነበር፣ አሁን ነቅታብናለች። የጀመረችውን ሙጭጭ ትላለች? ጫማውን አስታውሱ።

ዘጠነኛውን ለብቻው ያስቀረሁት ያስገረመኝ እሱ ስለሆነ ነው። ትንሽ ነገር ይሰማታል ወይ? አንድ ሰሞን ልብስ ባለበስናት ቁጥር ትጮህ ነበር። «እምቢተኛ ሆነች» አልን። ሙቀቱ ነው አልን። በኋላ ባለቤቴ ካናቴራው አንገት ላይ ያለችውን የሳይዝ ጨርቅ በመቀስ ቆረጠቻት። ጩኸቱ በዚያው ቆመ። ለካ ልጅቷ ስድስት ሳምንት ሙሉ የምትነግረን አንገቴን ያሳክከኛል ብላ ነው። እኛ የሰማነው እምቢ ብቻ።

ቶማስና ቼስ ልጆቹን በዘጠኙ መለኪያ ካዩ በኋላ በቡድን መደቧቸው። ከመቶ 40 ያህሉን «ቀላል» አሏቸው። 10 ያህሉን «አስቸጋሪ»። 15 ያህሉን ደግሞ «ለመላመድ ጊዜ የሚፈልጉ»። ሰው ይሄን ያነብና ልጁ የትኛው እንደሆነ ይፈልጋል። የሚዘለው ቀሪዎቹን 35ቱን ነው። ከሦስት ልጆች አንዱ የትኛውም ሳጥን አልበቃውም። እኔ በበኩሌ የዚያ ጥናት ትልቁ ግኝት እሱ ይመስለኛል።

ታዲያ በዘር ነው? «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። መንትዮችን ያጠኑ ሰዎች በአመል ላይ ከሚታየው ልዩነት ከ20 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው ከዘር ጋር እንደሚያያዝ ይናገራሉ። ይቺ ቁጥር ግን ብዙ ሰው ታሳስታለች። እኔንም አሳስታኝ ነበር። «ከሚጥሚጣ አመል 40 በመቶው ከእኔ ነው» ማለት አይደለም። የአንድ ልጅ አመል እንደ ዳቦ አይቆረስም። ቁጥሩ የሚናገረው በልጆች መሃል ስላለው ልዩነት ነው።

የሐረርጌ ሰው ማሽላ ያውቃልና በማሽላ እንየው። የተደባለቀ ዘር አንድ ማሳ ላይ ዘራችሁ እንበል። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡም አንድ። አንዱ አገዳ ረዝሞ ሌላው ካጠረ ልዩነቱ የዘሩ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ዓይነት ዘር ወስዳችሁ ግማሹን ውሃ በሚገባው ማሳ፣ ግማሹን ጭንጫ ላይ ዝሩት። አሁን ልዩነቱ የመሬቱ ሆነ። ዘሩ አልተለወጠም፣ «ስንት በመቶው የዘር ነው» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግን ተለወጠ። የልጅም ነገር እንዲሁ ነው። ቁጥሩ እንደሚጠናበት ቦታና እንደሚጠኑት ልጆች ከፍ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ሁለት ልጅ፣ አንድ በር

እህቴ ሐረር ነው የምትኖረው። ልጇ ከሚጥሚጣ በሦስት ሳምንት ይበልጣል። ባለፈው ጠይቀናቸው ነበር። ከድሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ ይቀየራል። ሚጥሚጣ እጇን በመስኮት አውጥታ ብርዱን ልትይዘው ስትሞክር ሐረር ደረስን።

በማግስቱ የእህቴ የሥራ ባልደረባ ጀጎል ውስጥ ቤቷ ጋበዘችን። ሐረሪ ናት። የሐረሪ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ የልጅ ወላጅ ምን እንደሚሰማው ትገምታላችሁ። ነደባው፣ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያለው መቀመጫ፣ ምንጣፍ ለብሷል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳህን ነው። ያ ሁሉ ሳህን።

በሩ ተከፈተ። ሚጥሚጣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነደባው ላይ ወጣች። ከዚያ ወደ ላይኛው። ደቂቃ ሳይሞላ አንድ እጇ ግድግዳው ላይ ነበር። እኔ ከኋላ ከኋላ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ገና ደፉን አላለፈም። የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ፣ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ፣ ከኋላዋ በአንድ ዓይኑ ያያል። ስትቀመጥ ጉያዋ ተሸጎጠ። ከረሜላ ብንሰጠው አልተቀበለም። እህቴ አፈረች መሰለኝ «ኧረ ሂድ ተጫወት፣ ምን ሆነሃል» አለችው። ባለቤትየዋ ግን «ተዪው፣ ቤቴን እየቆጠረ ነው» አለቻት።

እውነቷን ነበር። ግማሽ ሰዓት አልፎ ልጁ ተንሸራቶ ወረደ። ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ጥግ ላይ ወዳለች ትንሽ ክዳናም ስፌት ሄደ። ከፈታት። ከደናት። ከፈታት። ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ። ክዳኑ የሚገጥመው በአንድ በኩል ብቻ መሆኑን እስኪያውቅ ድረስ እያዞረ ሞከረ። ሃያ ደቂቃ አልተነሳም። የኔዋ በዚያን ጊዜ ቤቱን ጨርሳ፣ ሰልችቷት «እንሂድ» እያለች ሱሪዬን ትጎትታለች።

ጀሮም ኬገን የሚባል የሃርቫርድ ሰው ይሄን ዓይነቱን ልዩነት ዕድሜውን ሙሉ አጥንቶታል። ገና የአራት ወር ሕፃናትን አስተኝቶ ከበላያቸው የሚወዛወዝ መጫወቻ ያሳያል፣ ያልለመዱትን ድምፅ ያሰማል፣ አልኮል የነካ ጥጥ ያስሸትታቸዋል። ከአምስቱ አንድ ያህሉ እጅ እግራቸውን እያወራጩ ያለቅሳሉ። ከአምስቱ ሁለት ያህሉ ዝም ብለው ያያሉ። ሲያድጉ ነገሩ ይገለበጣል። በጨቅላነታቸው የተወራጩት በኋላ ቁጥብና ጠንቃቃ የመሆን ዕድላቸው ይሰፋል። ዝም ያሉት ደግሞ እንግዳ ነገር የማይበግራቸው። ኬገን ምክንያቱን ያያያዘው አሚግዳላ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ጋር ነው። አዲስና አስጊ ነገርን የሚያነፈንፈው እሱ ነው። በአንዳንዱ ሰው ቶሎ ይነቃል፣ በሌላው ብዙ ቀስቃሽ ይፈልጋል።

እህቴን ደውዬ ጠየቅኳት። «እሱማ ሕፃን እያለ በር ሲንኳኳ ይደነብር ነበር» አለች። ሚጥሚጣ በአራት ወሯ አዛኑም ቅዳሴውም የባጃጁም ጥሩምባ በላይዋ ላይ ያልፋል፣ እሷ ታንኮራፋለች። «እንዴት ጸባየኛ ልጅ ናት» ይሉን ነበር። እኛም አምነን ነበር።

ዕድሜዋ ያመጣው

አሁን ደግሞ አመል ወዳልሆነው ልለፍ። ቅዳሜ፣ ቀፊራ ገበያ። ሙዝ ገዛሁላት። ስልጥላት ከመሃሉ ተሰበረ። ሁለቱን ቁራጭ አየች። እኔን አየች። «ለጥፊው!» አለችኝ። «ማሬ፣ አይለጠፍም እኮ።» «ለጥፊው!» መሬት ላይ ተዘረጋች። ሻጯ ደንግጣ «ውይ እናቴ፣ ሌላ እንቺ» ብላ ሙሉ ሙዝ ሰጠቻት። ወረወረችው። እሷ የፈለገችው ሙዝ አይደለም። ያንን ሙዝ ነው፣ እንደነበረው።

ሰው «ምን ያለች ባለጌ» ብሎ ሲያልፍ ሰምቻለሁ። ግን ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ይሄ የማይታይበት ልጅ ጥቂት ነው። ረጋ ያለው የእህቴ ልጅም ያደርገዋል፣ ቤቱ ገብቶ ነው እንጂ። የሚሆነው እንዲህ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጁ ነገሮች እንዴት መሆን እንዳለባቸው በአእምሮው መያዝ ይጀምራል። ሙዝ ሙሉ ነው። ኩባያው ሰማያዊው ነው። በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ። ይሄ ትልቅ እድገት ነው። ችግሩ፣ የታሰበው ሲፈርስ ንዴትን የሚይዘው ልጓም ገና አልተሠራም። ልጓሙ ግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። አንጎል ሁለት ዓመት ላይ በመጠን የአዋቂውን 80 በመቶ ያህል ይደርሳል። ይሄ የፊቱ ክፍል ግን ሠርቶ የሚያልቀው በሃያዎቹ አጋማሽ ነው። አንዳንድ ባጃጅ ነጂ ስታዩ እውነት መሆኑን ታምናላችሁ።

ቁጣው ራሱ መልክ አለው። ሚካኤል ፖቴጋል የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይሄንኑ ደቂቃ በደቂቃ መዝግበዋል። ውስጡ ሁለት ስሜት አለ፣ ንዴትና ሐዘን። ጩኸቱ፣ እርግጫው፣ ውርወራው መጀመሪያ አካባቢ ጫፍ ይደርስና ይበርዳል። ሲበርድ የሚቀረው ልቅሶና «እቀፉኝ» ነው። አብዛኛው አምስት ደቂቃ አይሞላም። አባት ሆኖ መሃል ገበያ ለቆመ ሰው ግን አምስት ደቂቃ ስንት እንደሆነ እነሱ አልጻፉትም።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ አንድ ነገር ቀየርኩ። በእርግጫው ሰዓት አላወራም። በፊት «ለምን? ምን ሆንሽ? ሌላ ልግዛልሽ?» እያልኩ እጨምርባት ነበር። አሁን አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፣ ድንጋይና መኪና እንዳይነካት ብቻ አያለሁ። ድምጿ ከጩኸት ወደ እህህ ሲወርድ እጄን እዘረጋለሁ። የዚያን ቀን ሻጯ በርጩማ ሰጠችኝ። አራት ልጅ አሳድጋለች፣ ሳይኮሎጂ አላነበበችም።

«ለጥፊው» ያለችኝን ግን ልብ ብላችኋል? ወንድ ነኝ እኮ። «አባዬ ነይ!» ነው የምትለኝ። «ቁጭ በይ!» ትለኛለች። ጎረቤት ይስቃል። ግን አስቡት፣ ይቺ ልጅ በሕይወቷ የሰማችው ትእዛዝ ሁሉ ነይ፣ ተይ፣ ብይ፣ ተኚ ነው። ሴት ስለሆነች ነው እንዲህ የምንላት፤ ወንድ ስንጠራ «ና» እንደምንል ግን ገና አልደረሰችበትም። የባሰም አለ። ታቅፎ መሄድ ሲያምራት እጇን ዘርግታ «ልቀፍሽ!» ትላለች። እኛ «ልቀፍሽ?» እያልን ስለምናነሳት ቃሉ የመታቀፍ ስም መስሏታል። «እኔ» እና «አንቺ» ከባድ ቃላት ናቸው። ወንበር ማንም ቢጠራው ወንበር ነው። «እኔ» ግን እንደ ተናጋሪው ይገለባበጣል። ያንን ለመያዝ ልጁ ራሱን ከሌላው ለይቶ ማየት አለበት።

ይሄንንም ሞክሬባታለሁ። ቢዩላ አምስተርዳም የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣችው ዘዴ ነው። ልጁ ሳያውቅ አፍንጫው ላይ ቀለም ትቀቡና መስተዋት ፊት ታቆሙታላችሁ። ሚጥሚጣ በአንድ ዓመት ከሦስት ወሯ የእናቷን ኩል ቀባኋት። መስተዋቱ ውስጥ ያለችውን ልጅ ሳመቻት። ብስኩትም አቀበለቻት። በአንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ደገምኩት። ቀረብ አለች። ዝም አለች። ከዚያ እጇን ወደ ገዛ አፍንጫዋ አነሳች። ጣቷን አየች፣ ጥቁር። ዞር ብላ አየችኝ። ያን ዓይነት አስተያየት ከሠራተኞች ስብሰባ ውጪ አይቼ አላውቅም። ብዙ ልጆች እዚህ የሚደርሱት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ኬንያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ግን ከዚህ በብዙ የሚበልጡ ልጆችም ምልክቱን ሳይነኩ ቀጥ ብለው ቆመው ቀርተዋል። ራሳቸውን ስለማያውቁ ሳይሆን ትልቅ ሰው ያደረገውን አትንካ ተብሎ ስላደጉ ሊሆን ይችላል። የኔዋ እንዲህ ያለ ችግር የለባትም።

«እምቢ» የሚለው ቃል የበዛው ከዚሁ ሰሞን ጀምሮ ነው። ኤሪክ ኤሪክሰን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ይሄን ዕድሜ ልጅ ራሱን ለመቻል የሚታገልበት ብሎ ነው የገለጸው። እኔ ቤት የታየኝም እሱ ነው። «ውሃ ልስጥሽ?» «እምቢ።» ከዚያ ራሷ ሄዳ ኩባያ ታመጣለች። ውሃውንማ ትፈልገዋለች። አለመታዘዝ የሚመስለን ብዙው ነገር «እኔም አለሁ» ማለት ነው።

ራሷን ስትለይ ሌላውንም መለየት ጀምራለች። ቃሪያ አትወድም። አንዴ ቀምሳ እንባዋ ወርዷል። አሁን ምሳ ስንበላ ከሰሃኑ ላይ ቃሪያዋን ለቅማ እኔ ፊት ትደረድራለች። እኔ እንደምወድ ታውቃላ። አሊሰን ጎፕኒክና ቤቲ ረፓኮሊ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ይሄንኑ በብሮኮሊና በብስኩት አይተውታል። የ14 ወር ሕፃን ራሱ የሚወደውን ብስኩት ነው የሚሰጣችሁ። የ18 ወሩ ግን ብሮኮሊ ስትወዱ ካየ፣ እያቅለሸለሸውም ቢሆን ብሮኮሊውን ይሰጣችኋል። ከጎረቤታችን ጋርም እንዲሁ ናት። ሶማሌ ናቸው፣ ግቢው ሁሉ አዬዮ ነው የሚላቸው። ቤታቸው ስትገባ «ቢዮ» ትላለች፣ እኛ ጋ «ውሃ»። አንዴም አሳስታ አታውቅም። «ሁለት ቋንቋ ያምታታታል» የሚሉን ነበሩ። የተምታታነው እኛ ነን።

እኛ ቤት ስለሆነች

ቶማስና ቼስ ሳጥኖቹን ካወጡ በኋላ አንድ ነገር አስተዋሉ። «አስቸጋሪ» ካሏቸው ልጆች ሲያድጉ ምንም ያልሆኑ ነበሩ። «ቀላል» ከተባሉት ደግሞ የተቸገሩ ነበሩ። ልዩነቱ የልጁ አመልና የቤቱ አመል መግጠም አለመግጠሙ ላይ ነበር። ልክ እንደዚያች ስፌት ክዳን።

የኛ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት ድሬ እንዴት እንደምትሆን ለነዋሪው አልነግርም። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ከተማው ይተኛል ወይም በርጫ ላይ ነው። ጎረቤት ፀጥታ ይፈልጋል። ሚጥሚጣ ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው ድስት የምትደበድበው። በየቀኑ ጠብ ነበር። «አርፈሽ ተኚ» እኛ፣ «እምቢ» እሷ፣ ግድግዳ የሚያንኳኳ ጎረቤት። ይቺው ልጅ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ብትወለድ ማንም አስቸጋሪ አይላትም ነበር።

መፍትሄው ሳፋ ነው። የማታ ገላዋን ወደ ሰባት ሰዓት አመጣነው። ጥላው ሥር ሳፋ በውሃ፣ ሁለት ኩባያ፣ አንድ ጥልቆ። ቀድታ ትደፋለች፣ ቀድታ ትደፋለች። ድምፅ የላትም። አንድ ሰዓት ታክል ቆይታ ራሷ ትደክምና ትተኛለች። አመሏ አልተለወጠም። እኛም አልመከርናትም። ሰዓቱንና ቦታውን ነው የቀየርነው።

ቤት ስል ግድግዳውን ብቻ አይደለም። አገሩም ቤት ነው። ዢንዪን ቼን የሚባል ተመራማሪ ዓይን አፋር ልጆችን ካናዳና ሻንግሃይ ውስጥ አጥንቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆችን እኩዮቻቸው ይገፏቸው ነበር። ሻንግሃይ ውስጥ ግን የተወደዱ ነበሩ፣ መምህራንም ያመሰግኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሻንግሃይ ላይ ሲደገም ነገሩ ተለውጦ ነበር። ከተማው ፉክክርና ድፍረት የሚፈልግ ሆኗል፣ ጭምቶቹም መገፋት ጀምረዋል። ልጆቹ ያው ዓይነት ናቸው፣ ሚዛኑ ነው የተቀየረ። እኛም አገር «ጨዋ ልጅ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ማለታችን ነው። ድሬ ግን ትንሽ ትለያለች። እዚህ ቀልደኛና ደፋር ልጅ ይወደዳል። ሚጥሚጣ በዚህ በኩል ከተማዋን መርጣ ነው የተወለደችው።

«እንዲህ ሆና ትቀራለች?» ይሄን ሁሉም ወላጅ ይጠይቃል። ኒውዚላንድ፣ ዱነዲን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 የተወለዱ 1,037 ልጆች እስከ ዛሬ ይጠናሉ። ሦስት ዓመት ሲሆናቸው ለ90 ደቂቃ ታዩ፣ በአመላቸው ተመደቡ። 26 ዓመት ሲሆናቸው ሲታይ ያኔ የተጻፈው አሻራ አሁንም ነበር፤ የማይያዙት ግልፍተኛ፣ ቁጥቦቹ ጠንቃቃ ወደመሆን አዘንብለዋል። ግን ይሄ በብዙ ልጅ አማካይ ነው። አንዲትን ልጅ ይዞ ትንቢት ለመናገር አይበቃም። ኬገንም ቢሆን ከተወራጩት ሕፃናት ብዙዎቹ በኋላ የለየላቸው ፈሪዎች ሆነው አላገኛቸውም።

አንድ ነገር ሳልል አልለፍ። ሁሉንም ነገር አመል ነው ብሎ መተውም ስህተት ነው። ልጁ ዓመት ተኩል ሞልቶት በጣቱ ካልጠቆመ፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ካላገናኘ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ ወይም የሚያውቃቸውን ቃላት ከረሳ ለሐኪም ማሳየት ነው። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ ያሳዝናል።

ባለፈው እሑድ እናቴ መጣች። ሚጥሚጣ በሩ ክፍት ሲሆን ሹልክ ብላ አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ያዝናት። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ «ኧረ ይቺ ልጅ ወደ ማን ወጣች!» አልኩ። እናቴ ቡናዋን አስቀመጠችና አየችኝ። «ወደ ማን? አንተ በሁለት ዓመት ተኩልህ ባቡር አያለሁ ብለህ ለገሃር ሄደህ፣ የባቡር ሠራተኛ አይደል እንዴ አንጠልጥሎ ያመጣህ። ከዚያ በኋላ እኮ ልብስ ሳጥብ በመቀነቴ ከአልጋው እግር ጋር ነበር የማስርህ።»

ባለቤቴ ስኒዋን ይዛ ትስቃለች። እኔ ይሄን ነገር በፍጹም አላስታውስም።